«ቲቸር፣ በነፃ እየሠራሁ ለምን እዋረዳለሁ?»

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ያፈላችሁ ስኒያችሁን ያዙ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም ግድ የለም፣ ከሰልፉ ይልቅ ይሄ ያጥራል።

ባለፈው ሰሞን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም አንድ መልእክት ገባልኝ። የላከው አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ቀን ሞባይል ይጠግናል፣ ማታ ማታ ደግሞ ሮል ፕሌይ የሚሉትን የኢንተርኔት ጨዋታ ይጫወታል። ለማታውቁት፦ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ከተማ አለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዱ ፖሊስ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ባለ ታክሲ፣ አንዱ ሌባ። በማይክ እያወሩ ሚናቸውን ይኖሩታል። «ቲቸር፣ ተመልካች የሌለው ትያትር ነው ብለው ያስቡት» አለኝ። ገባኝ።

ይሄ ልጅ እዚያ ውስጥ በፈቃደኝነት አሠልጣኝ ነው። አዲስ የሚገባውን ሰው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ተቀብሎ ሕጉን ያሳያል። አንተ ከጨዋታው ውጪ የሰማኸውን ነገር ገጸ ባሕርይህ እንደሚያውቀው አድርገህ አትጠቀምም፣ ሌላው ሰው የመመለስ ዕድል የሌለውን ነገር አታደርግበትም፣ ወዘተ። ክፍያ የለውም። ለኢንተርኔት ካርዱ እንኳን የሚከፍለው ራሱ ነው።

ታዲያ አንድ ማታ የአሠልጣኞቹ ኃላፊ ሥልጠናውን ተደብቆ ሲከታተል ቆይቶ ሁሉም ሰው በሚያየው ትልቁ ግሩፕ ላይ ሰባት ጥፋት ዘርዝሮ ለጠፈበት። ስሙን ጠቅሶ። ከሥሩ ሰው ሳቀ፣ ሰው ጨመረበት፣ አዲሶቹ ሠልጣኞች ሳይቀሩ አዩት። ልጁ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ በነፃ እየሠራሁ ለምን እዋረዳለሁ? ግን ደግሞ ከሰባቱ አምስቱ እውነት ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ምክንያቷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ግን እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጥያቄ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማደርገው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ለካስ ይሄ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይቺን ማስታወሻ ያለ ምክንያት አላስቀመጥኳትም፤ ቆይቶ ይገባችኋል።)

ከቃሉ እንጀምር። ዛሬ «ፊድባክ» ወይም «ግብረ መልስ» የምንለው ቃል የመጣው ከሰዎች ግንኙነት አይደለም። ከኤሌክትሪክ ነው። ሠርግ ቤት ወይም አዳራሽ ውስጥ ማይኩ ስፒከሩ አጠገብ ሲደርስ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ታውቃላችሁ አይደል? ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ጎልቶ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ዞሮ ዞሮ ራሱን ሲያሳድግ ጩኸት ይሆናል። ይሄ አንዱ ዓይነት ግብረ መልስ ነው።

ሌላኛው ዓይነት ደግሞ በ1927 የተወለደ ነው። ሃሮልድ ብላክ የሚባል የቤል ላብራቶሪ ወጣት መሐንዲስ አንድ ችግር ይዞ ለዓመታት ሲጨነቅ ነበር። የስልክ መስመር ሲረዝም ድምፁ ይደክማል፤ እንዳይደክም በየመንገዱ ማጉያ ይደረጋል፤ ማጉያው ግን ድምፁን ሲያጎላ ያበላሸዋል። አንድ የነሐሴ ጠዋት በጀልባ ሀድሰን ወንዝን እያቋረጠ ወደ ሥራ ሲሄድ ሐሳቡ ብልጭ አለለትና በያዘው ጋዜጣ ላይ ጫር ጫር አደረገው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ከማጉያው ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ገልብጠህ ወደ መግቢያው መልሰው። ማጉያው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ይጠራል።

ልብ በሉ። ሁለቱም የወጣውን ወደ ምንጩ መመለስ ነው። አንዱ ጩኸት ይሆናል፣ ሌላው ያጠራል። ልዩነቱ በምን ያህል መጠንና በምን መንገድ እንደሚመለስ ነው። የልጁ ሰባት ነጥብ ትልቁ ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ የሆነው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ማይኩ ስፒከሩ ፊት ቆመ።

አሁን ወደ ሚና ጨዋታው እንምጣ። ሰውን በጨዋታ ማሠልጠን የኢንተርኔት ፈጠራ አይደለም። በ1812 በፕሩሲያ (ዛሬ ጀርመን በምንለው) ቮን ራይስቪትዝ የሚባል ባላባት የጦርነት ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ አቀረበ። ልጁ፣ የመድፈኛ መኮንን የነበረው፣ በ1824 ጨዋታውን አሻሽሎ በካርታ ላይ የሚደረግ አደረገው። ሠራዊቱም ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ተቀበለው። ሁለት ወገን አለ፤ በመካከል ደግሞ ዳኛ። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ። ሁሉንም የሚያየው እሱ ብቻ ነው። አንተ የምታውቀው ጦርህ ሊያይ የሚችለውን ያህል ነው።

የዚያ ዘመን ችግር ሕጉ መብዛቱ ነበር። ሰንጠረዥ፣ ዳይስ፣ ስሌት። አንድ የአምስት ደቂቃ ውጊያ ለማስላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኖዋ የሚባል መኮንን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ የሚከተለውን ሐሳብ አመጣ፦ ሰንጠረዡን ተዉትና ልምድ ያለው ዳኛ ይፍረድ። ነፃ የጦርነት ጨዋታ ተባለ። ፍጥነቱ ጨመረ። ግን አስቡት፣ ያኔ የሁሉም ነገር ክብደት ዳኛው ላይ ወደቀ። ሕጉን ትተህ በሰው ፍርድ ስትሠራ «ዳኛውንስ ማን ያርመዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይሄ ጥያቄ ነው እስከ ልጁ ቴሌግራም ድረስ የመጣው።

አሁን ወደ 1946 እንዝለል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ እዚህ ጋ ነው።

ኩርት ሌዊን በ1890 የተወለደ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ጀርመንን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እናቱን ናዚዎች ገድለውበታል። ይሄ ሰው የሰው ልጅ በቡድን ውስጥ ሲሆን ለምን እንደሚለወጥና እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል ማወቅ ፈለገ። አያስገርምም።

በ1946 ክረምት የኮኔቲከት ክፍለ ግዛት የዘር ግንኙነት ኮሚሽን ረዳን አለው። በዘርና በሃይማኖት አድልዎ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን እንዲያሠለጥን ነው። ቦታው ኒው ብሪተን የሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ። (አዎ፣ የመምህራን ኮሌጅ። እኔም ዲፕሎማዬን ያገኘሁት መምህራን ኮሌጅ ስለሆነ ይቺን ሳነብ ደስ አለኝ።) ሠልጣኞቹ 41 ነበሩ፤ ብዙዎቹ መምህራንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች። ከሌዊን ጋር ሮናልድ ሊፒት፣ ኬኔት ቤን እና ሊላንድ ብራድፎርድ የሚባሉ አሠልጣኞች ነበሩ።

ሥልጠናው ውይይትና የሚና ጨዋታ ነበር። አንዱ አድልዎ የሚያደርግ ባለሥልጣን ይሆናል፣ ሌላው ተበዳይ። በየቡድኑ ጥግ ላይ ደግሞ ተመልካች ተቀምጦ ማን ምን አለ፣ ማን ዝም አለ እያለ ይመዘግባል። ማታ ማታ ሠልጣኞቹ ሲያርፉ አሠልጣኞቹና ተመልካቾቹ ተሰብስበው የቀኑን ይገመግማሉ። ማለትም ሰዎቹ በሌሉበት ስለ ሰዎቹ ያወራሉ። እኛ ስታፍ ሩም ውስጥ ስለ ተማሪዎች እንደምናወራው ማለት ነው። አትካዱ መምህራን።

አንድ ማታ ሦስት ሠልጣኞች በሩ ላይ መጡና «ገብተን መስማት እንችላለን?» አሉ። አሠልጣኞቹ ደነገጡ። ሌዊን ግን እንዲገቡ ፈቀደ። ስብሰባው ቀጠለ። አንዱ ተመልካች ስለ አንዷ ሴት ሠልጣኝ ማውራት ጀመረ፦ ዛሬ በውይይቱ እንዲህ አደረገች፣ ምክንያቱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም እያለ። ሴትዮዋ እዚያው ተቀምጣለች! መታገሥ አልቻለችም፤ ጣልቃ ገብታ የሆነው እንደዚያ አይደለም ብላ የራሷን ተናገረች። ተመልካቹ ያየውን ደገመ፣ እሷ የተሰማትን አስረዳች፣ ሌሎቹም ገቡበት። ክርክሩ ሞቀ።

ሌዊን አልተቆጣም። እንዲያውም በጣም ደስ አለው። ምክንያቱም አንድ ነገር አየ፦ ተመልካቹ ያየው ነገር እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። ቀሪው ግማሽ ያለው እሷ ጋ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ከቀኑ ትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ተገኘ። በሚቀጥሉት ምሽቶች ሌሎች ሠልጣኞችም እየመጡ የማታው ስብሰባ የሥልጠናው ዋና ክፍል ሆነ። ከኢንጂነሮቹ «ፊድባክ» የሚለውን ቃል ወስደው ሰው ላይ ያዋሉትም እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሌዊን በየካቲት 1947 በድንገት አረፈ። ባልደረቦቹ በዚያው ክረምት ሜይን ክፍለ ግዛት ውስጥ ቤተል በምትባል ትንሽ ከተማ የሥልጠና ማዕከል ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ላይ «ግብረ መልስ እንስጥህ» የሚል ሥልጠና ሁሉ ወደዚያች ማታ ይመለሳል ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እንግዲህ ልጄ (ተማሪዬን ነው)፣ ልዩነቱን ተመልከት። ኒው ብሪተን ላይ የተወራባት ሴት ክፍሉ ውስጥ ነበረች፣ የመመለስ መብትም ነበራት። አንተ ግን በሌለህበት ተጻፈብህ፤ ከነቃህ በኋላ መመለስ ብትፈልግ እንኳን 300 ሰው ፊት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛስ?» የምትሉኝ አላችሁ። እኛም አለን። እንዲያውም ሁለት ዓይነት አለን።

የመጀመሪያው ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ቅኔ ነገራ አለ፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያቀርባል። አስነጋሪ ማለት ራሱ ገና ተማሪ የሆነ፣ ግን የበሰለ፣ ከሥሩ ያሉትን የሚያዳምጥና የሚያርም ነው። አስቡት፣ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ማለት እኮ ይሄ ነው! ደመወዝ የለው፣ እሱም እንደ ሌላው ቁራሽ ለምኖ ነው የሚያድረው። እርማቱ ቃል በቃል ነው፦ እዚህ ጋ ቤቱ አልመታም፣ እዚህ ጋ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም። አንተ ሰነፍ ነህ ሳይሆን ቅኔህ እዚህ ጋ ጎደለ። ሲያምር ደግሞ «ይበል!» ይባላል፣ እሱ በአደባባይ ነው። ሁልጊዜ ለስላሳ ነበር አልልም፤ ቆንጠጥ የሚያደርጉም የኔታዎች ነበሩ። ግን ዋናው ነገር እርማቱ ሥራው ላይ ነው።

ሁለተኛው ግምገማ ነው። ይቺን ቃል ስጠራ አንዳንዶቻችሁ ሆዳችሁ ተላወሰ አይደል? በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከተማሪው እንቅስቃሴና ከግራው ርዕዮት ጋር «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ገባ። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በውይይት ክበብ ተቀመጥን (አባቶቻችን ማለቴ ነው)። በትጥቅ ትግሉ በሕወሓት ውስጥ የዳበረው ግምገማ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ። ሰው ይቆማል፣ ጉባኤው ጥፋቱን ይቆጥራል፣ እሱም «ሂሴን ውጫለሁ» ይላል። ቃሉን ተመልከቱት፦ ሂስ የሚዋጥ ነገር ሆነ፤ እንደ መራራ መድኃኒት። ሲጀመር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም ይሆናል። ጓድ ለጓድ እውነቱን ይንገር ነው። ግን መመለስ የማይቻልበት፣ ከጀርባው እንጀራህ የተንጠለጠለበት፣ ሰው ሁሉ የሚያይህ ሲሆን ሰው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መደበቅ። እኔም ተገምግሜ አውቃለሁ። ከስብሰባው የወጣሁት ምን ማሻሻል እንዳለብኝ ሳይሆን ማን ምን እንዳለብኝ ይዤ ነው።

የእኛ ችግር እንግዲህ ይሄ ነው። «አስተያየት ልስጥህ» ሲባል የምንሰማው አስነጋሪውን አይደለም፤ ጉባኤውን ነው። የልጁ ኃላፊም ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። አስተያየት ማለት ይሄ ነው ብሎ ያየውን ነው ያደረገው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። በ1969 አሜሪካ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት የጦርነት ጨዋታ ይዳኝ ነበር። የፕሩሲያን ነገር የወረሰ በ1880 የታተመ የአሜሪካ መጽሐፍ አግኝቶ ነው ዳኛ ማንኛውንም ነገር መፍረድ ይችላል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው። አንድ ጊዜ «ብራውንስታይን» በምትባል የፈጠራ ከተማ ላይ ጨዋታ አዘጋጀና ለወታደር አዛዦች ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሰዎችም ተጫዋች መደበ። ሰዎቹ ከዕቅዱ ወጡበት። እየተነሱ በየጥጉ ይመካከራሉ፣ ያልታሰበ ነገር ያደርጋሉ፣ ዌስሊ መቆጣጠር አቃተው። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሽፏል ብሎ ደምድሞ ነበር።

ተጫዋቾቹ ግን መጡና መቼ ነው የምንደግመው አሉት። ወደውት ነበር! ከተጫዋቾቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። እሱ ሐሳቡን አሳድጎ፣ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የመጀመሪያውን ለገበያ የወጣ የሚና ጨዋታ አሳተሙ። አያችሁ? ዌስሊ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ጨዋታውን ይጥለው ነበር። በነፃ የሚያገለግል ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ስህተቱን የሚነግረው አይደለም፤ የሠራውን መልካም ነገር የሚነግረው ነው። «ጥሩ ነህ» ማለት አይደለም። «ይሄን ነገር ድገመው» ማለት ነው። እሱ ራሱ መረጃ ነው።

በ1978 ደግሞ እንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የሚባል ተማሪ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በኮምፒውተር የሚጫወትበትን ዓለም ጻፈ። ስሙ ሙድ ነው። ሥዕል የለውም፣ ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው። ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አሳደገው። ጨዋታውን የጨረሰ ሰው «ጠንቋይ» የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ ሥልጣን አለው፣ ሌሎችን ይረዳል፣ ይቆጣጠራል። እነዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከ1989 እስከ 1990 ድረስ አንድ ረጅም ክርክር አደረጉ፦ ሰው ከዚህ ጨዋታ ምን ይፈልጋል? ባርትል ክርክሩን ጨምቆ በ1996 ጽሑፍ አድርጎ አወጣው። አራት ዓይነት ሰው አለ አለ፦ ማሸነፍ የሚፈልግ፣ ዓለሙን ማሰስ የሚፈልግ፣ ከሰው ጋር መሆን የሚፈልግ፣ ሌላውን ማስጨነቅ የሚፈልግ።

ይሄ ለአሠልጣኝም ይሠራል ባይ ነኝ። አንዱ የሚያሠለጥነው ማዕረግ ፈልጎ ነው፣ ሌላው ጓደኛ ፈልጎ፣ ሌላው ዕውቀቱን ማካፈል ወዶ። ደመወዝተኛን በደመወዙ ትይዘዋለህ። በጎ ፈቃደኛን የሚይዘው ያ የመጣበት ምክንያት ብቻ ነው። እሱን ከነካህበት ምን ይዞት ይቀመጣል?

ድርጅቶችም ይሄን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። አሜሪካ ኦንላይን የሚባለው ኩባንያ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ የውይይት ክፍሎችን ይመሩ፣ አዲስ ሰው ያስተናግዱ ነበር። በ1999 ከእነሱ መካከል የነበሩ ሰዎች «እንደ ሠራተኛ ስትቆጣጠሩን ነበር፣ እንደ ሠራተኛ ክፈሉን» ብለው ከሰሱ። በ2010 ጉዳዩ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን የተባለው የሚና ጨዋታም በ2000 ከራሱ በጎ ፈቃደኛ አማካሪዎች ተመሳሳይ ክስ ደርሶበታል። ነገሩ የሕግ ነው፣ ግን ውስጡ ሌላም ነገር አለ። እንደ አለቃ እየተቆጣህ እንደ ወዳጅ በነፃ አሠራለሁ ማለት አይቻልም። አንዱን ምረጥ።

በሌላ በኩል የሠራለትም አለ። ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የአይስላንዶች የጠፈር ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቾች በ2004 ኢቭ ዩኒቨርሲቲ የሚል ማኅበር አቋቁመዋል። ሥራው አዲስ ተጫዋቾችን በነፃ ማስተማር ነው፤ መምህራኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ትናንት ተማሪ የነበረው ዛሬ ያስተምራል። የቅኔ ቤቱን አስነጋሪ አላስታወሳችሁም?

ሁለት ነገር ጨምሬ ወደ ልጁ ልመለስ። የአሜሪካ ጦር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልምምድ በኋላ የሚያደርገው ውይይት አለ። ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ባለው ማሠልጠኛ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አንዱ ክፍል የሶቪየት ጦር ሆኖ ይጫወት፣ ሌላው ይዋጋው ነበር። ከዚያ ተቀምጠው አራት ጥያቄ ይጠያየቃሉ፦ ምን ሊሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን? ቀጥሎ ምን እናድርግ? ከጥያቄዎቹ አንዱም «ጥፋተኛው ማነው?» አይልም። ውይይቱ ላይ ማዕረግ ወደ ጎን ይባላል፤ ሻለቃውም ይታረማል።

ሌላው ደግሞ ክሉገርና ዴኒሲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 ያወጡት ነው። ስለ ግብረ መልስ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አመሳከሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል። ግን ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ጊዜ ሥራውን አባሰው! የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። አስተያየቱ የሰውየውን ልብ ከሥራው አንስቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲወስደው ጥቅሙ ይቀንሳል። እጁ ያለበትን ትቶ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ማለት ይጀምራል።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ሌላ መልእክት ላከ። አልወጣም፤ እንዲያውም ያ ኃላፊ ራሱ ሥራ በዝቶበት ለቀቀና አሠልጣኞቹን የምትመራው አንተ ነህ ተባለ። «ቲቸር፣ አሁን አስተያየት ሰጪው እኔ ሆንኩ። ምን ላድርግ?» ይሄን መለስኩለት፦

አንደኛ፣ ተደብቀህ አትስማ። «ዛሬ እመጣለሁ» በለው። ኒው ብሪተን ላይ በሩ ሲከፈት ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ሁለተኛ፣ ያየኸውን ንገረው፣ የገመትከውን አይደለም። «ትዕግሥት የለህም» አትበል። «ሐሙስ ማታ አዲሱ ልጅ ሦስት ጊዜ ጠየቀህ፣ አልመለስክለትም፣ ከዚያ በኋላ ማይኩን ዘጋ» በል። የመጀመሪያው ስድብ ነው፣ ሁለተኛው መረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ካልክ በኋላ ዝም በልና «አንተ ጋ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ምናልባት መብራት ሄዶበት ይሆናል፣ ምናልባት ኔትወርኩ አቋርጦት ነው። ግማሹ እሱ ጋ ነው።

አራተኛ፣ ሰባት አትዘርዝር። ሰባቱም እውነት ቢሆኑ አንድ ምረጥ። ሰው በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ያስተካክላል፣ ሰባት ከሰጠኸው ግን ራሱን ይጠላል።

አምስተኛ፣ እርማቱ ለብቻ፣ «ይበል» ግን በአደባባይ። «ይበል»ህም የተለየ ይሁን፤ ምኑን እንደወደድክለት ንገረው።

ስድስተኛ፣ አንተም ተቀበል። በወር አንዴ ለአሠልጣኞችህ «እኔስ?» በላቸው። ዳኛውን ማን ያርመዋል የሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጽፌ «ላክ» ካልኩ በኋላ ነው እንቅልፌ የጠፋው። ምክንያቱም ጎበዝ መካሪ መስዬ የመከርኩት እኔ አንድ ቀን ያደረግኩትን አውቃለሁ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ባስተምርበት ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የዘጠነኛ ክፍሎችን በነፃ ያስጠኑ ነበር። እኔ አስተባባሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ወደ አንዱ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ «የዓድዋ ጦርነት እ.ኤ.አ. 1888» ብላ ጽፋለች። የታወቀ ስህተት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓ ደግሞ 1896። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ጮክ ብዬ «ይሄን ሳታውቂ ነው የምታስተምሪው?» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ያስጠናቻቸው የነበሩት ልጆች ወደ ሌላ ክፍል ተበተኑ፣ ገሚሶቹ ቀሩ። እኔ ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ሂስ አይችልም» አልኩና አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ቁጥሯን ከጓደኛዋ ፈልጌ ደወልኩ። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራ ይዛለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «ውይ ቲቸር!» አለች። ነገሩን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ያን ቀን ስለጮህኩብሽ» አልኩ።

ትንሽ ዝም ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ የጮሁብኝ አይደለም የከፋኝ። ስህተት ነበር፣ ልክ ነዎት። ከጮሁ በኋላ መጥተው ጠመኔውን ከእጄ ወስደው ራስዎ አረሙት። ራሴ ላርመው ነበር እኮ። ከዚያ ጠመኔውን አልመለሱልኝም፤ ክፍለ ጊዜውን እርስዎ ጨረሱት።»

ይሄን አላስታውስም ነበር። በፍጹም። እኔ ይዤ የኖርኩት ታሪክ ውስጥ ጠመኔ የለም። ለዓመታት የተሳሳተ ነገር ሲቆጨኝ ኖሬ፣ ትክክለኛው ጥፋቴ እሷ ጋ ተቀምጦ ነበር። የኒው ብሪተኗ ሴት እንዳለችው፣ የሆነው እንደዚያ አልነበረም።

ስሟን አልጠራም። እርማቱን ያደረግኩት በአደባባይ ስለነበር ግን ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን ብዬ፣ አስፈቅጃት ነው የጻፍኩት። ስፈቅዳት ሳቀችና «አሁንም ዓመተ ምሕረት በጻፍኩ ቁጥር ሁለቴ አያለሁ» አለችኝ።

እና እናንተ የማስተማር፣ የማሠልጠን፣ የመምራት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ሰው በነፃ ጊዜውን ለሚሰጣችሁ፦ ስህተቱን ንገሩት። መንገር ግዴታችሁ ነው። ጠመኔውን ግን አትቀሙት።

የእኔን ጠመኔ ደግሞ ዛሬ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ የበደልኳችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አነባለሁ።

መልካም ሰንበት።